ለቅዳሜ የተያዘ ድንኳን

«ብቻውን ነው ያቆመው» አለ ሚንሃጅ። «አንድም ሰው ሳይረዳው ይህችን ቀን ለቦንጋ ብቻውን አቆመላት።»

ከአንሶላው ወዲህ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ወንድሜ ተማም ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የዕድሩ ድንኳን ከሱቁ ደጃፍ ቆሟል፤ መሐሉ ላይ አንሶላ ተወጥሮ ወንዶቹ በዚያ፣ እኛ ሴቶቹ በዚህ ተቀምጠናል። ሚንሃጅ ቴክኒክና ሙያ የሚያስተምር ልጅ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር መጀመሪያ የነካው በወንድሜ ሱቅ ነበር፤ አሁን ንግግር ያውቃል። ከደካ ለመጡት እንግዶች ተማም ማን እንደነበር ይነግራቸዋል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አንዷን ቅዳሜ መርጦ ሰው እንደሚሰበስብ፣ ማንም ሳይከፍል የሚወስደውን፣ ማንም ከፍቶ የሚያስተካክለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም በሲዲ እየገለበጠ እንደሚያድል፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ይዞ ለመጣም እዚያው እንደሚጭንለት። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። አንዷ ቃል ናት እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ የቀረችው።

ብቻውን።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ጆሮ ግን አለኝ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቴን አይታ «ምነው እትዬ ሙባረካ፣ አመመዎት?» አለችኝ።

«አላመመኝም፤ እኔም የሞትኩ መሰለኝ» አልኳት። «በሕይወት ብኖር ስሜን ይጠሩት ነበር።»

ሐዘን ያናግራታል ብላ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ትበል፤ ሐዘንም ነው።

ይህ ድንኳን ድሮም ሰው ያሳስታል። ማክሰኞ፣ የዘመን መለወጫ ማግሥት፣ ወንዶቹ ሬሳውን ይዘው ወደ መቃብር ወረዱ። እኛ ሴቶች መቃብር አንወርድም፤ በአራት ዓመቱ ያዘልኩትን ልጅ የመጨረሻዋን መንገድ ሌሎች ተሸከሙልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ሰው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር በትከሻው ተሸክሞ ገባ። አወቅሁት። ከቢታ ገነት የሚመጣው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ገሠሠ ነው። በየዓመቱ ይመጣል።

«ዘንድሮ ቀደም አድርጋችሁ ተከላችሁት እንዴ?» አለ ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ። «እኔ ለቅዳሜው እንዳልዘገይ ሰግቼ ነው ዛሬ የመጣሁት። ተራው የማን ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተራው የተማም ነበር» አልኩት። «ሄደ።»

በቆመበት ቦታ ተቀመጠ። ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አለቀሰ። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ወደነሱ ወገን ተሻገረ፤ ዕቃውን ግን ከጭኑ አላወረደም። ወደ ቢታ ገነት ተመለስ ቢሉት እንቢ አለ። ምን እንደሚጠብቅ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ተማምን ቦንጋ ያስገባሁት በጀርባዬ አዝዬ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ፣ እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከስልጤ አገር ተነስተን በጭነት መኪና ጂማ፣ ከጂማ በዚያ ጭቃ ስንሰምጥ ስንወጣ እዚህ ደረስን። የባሌ እናት «ሙሽራ ልጅ ይዛ ትመጣለች?» ብላ ነበር። «ይህኛው ተወልዶ ያለቀ ነው፤ አያስቸግርዎትም» አልኳት።

አስቸገረ እንጂ። በዘጠኝ ዓመቱ የባሌን ሬዲዮ ፈታታው። ባሌ ከሱቅ ሲመለስ የሬዲዮው ሆድ ዕቃ ሰሌን ላይ ተዘርግቷል፤ ልጁ መሐሉ ተቀምጧል። ባሌ ቀበቶውን ፈታ።

«ቆይ» አልኩት። «አሁን ብትመታው እጁ ይንቀጠቀጥና ሬዲዮውም ይቀራል። መጀመሪያ ይግጠመው፤ ከዚያ ትመታዋለህ።»

እስኪመሽ ገጠመው። ሬዲዮው ድሮ እያንኮራፋ ነበር የሚያወራው፤ ያን ቀን ጥርት ብሎ ተናገረ። ባሌ ቀበቶውን መልሶ ታጠቀ። «ማን አስተማረህ?» ቢለው፣ «ክፍት ስለሆነ አየሁት» አለ ልጁ። ዕድሜውን ሁሉ መልሱ ይኸው ነበር። ክፍት የሆነ ነገር ሰው ያየዋል፣ ያየውን ያውቀዋል። የተዘጋ ነገር ያበሳጨዋል።

ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ። ኋላ ማመልከቻ የሚጽፍበት፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት ሱቅ ከፈተ። በዘጠና ስምንት ዓመተ ምህረት ክረምት ላይ ከፖስታ ቤት አንድ ካርቶን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ሲዲ ነው፤ ከውጭ አገር ጠይቆ ያስመጣው።

«እትዬ፣ ይሄ ዋጋ የለውም» አለኝ። ዓይኑ ያንን የሬዲዮውን ቀን ይመስላል።

«ዋጋ የሌለው ነገር ውስጡ መንጠቆ አለው።»

«የለውም። እዚህ አገር ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የተሰረቀ ፕሮግራም ነው የተጫነበት። ቫይረስ በልቶት በየሳምንቱ ሬሳውን እኔ ጋ ያመጡታል። የፕሮግራሙን ውስጥ ልየው ብል ተቆልፏል። ይሄ ግን ክፍት ነው። በፈረንጆቹ መስከረም ዓለም ላይ ያሉ ወዶ ዘማቾች በየከተማቸው ቀን ቆርጠው ለሰው ያሳዩታል። ቦንጋም ታሳያለች።»

አልገባኝም። እውነቱን ልናገር፣ አንድም ቃል አልገባኝም። «አንተ ከገባህ ይበቃኛል፤ ምን ቸገረህ?» አልኩት።

የቸገረው ቦታ ነበር። አዳራሽ ሊጠይቅ ሄደ። ያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ገና ዓመት ከምናምኑ ነው፤ ሰው መሰብሰብ የሚያስፈራበት ጊዜ። አዳራሹን የሚያዘው ሰውዬ «የየትኛው ማኅበር ናችሁ? በነፃ የሚያድል ሰው ከጀርባው ማን አለ?» አለው። ተማም «ማንም የለም» አለ። «እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው» ብሎ ሸኘው። ሜዳ ላይ እንዳያደርገው የቦንጋ መስከረም ነው፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ያፈሳል። ሦስት ቀን እህል አልበላልኝ ሲል ነጠላዬን ደርቤ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ሄድኩ።

ከፈለኝ ያኔም የዕድሩ ዳኛ ነበር። ደንብ የሚወድ፣ ካስማ ሲመታ እንኳን በገመድ የሚለካ ሰው ነው። ጥያቄዬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ሙባረካ፣ ድንኳን ለሞተ ሰው ነው።»

«እኔስ አልሞትም?»

«እሱማ… አላህ ያቆይሽ እንጂ መሞት አይቀርም።»

«ካልቀረ የኔን ድንኳን አሁን ስጡኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ሬሳ ስሸኝ ኖሬአለሁ፤ ለእኔም አንዲት ድንኳን አለባችሁ። ስሞት ያለ ድንኳን ቅበሩኝ። ዝናብ ከመታችሁ ጃንጥላ ያዙ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አለመሳቄን ሲያዩ ሳቁ ቆመ። ከፈለኝ ጸሐፊውን አየው፣ ጸሐፊው ከፈለኝን አየው። መዝገቡ ተከፈተ፣ «ወይዘሮ ሙባረካ ድንኳኗን ወስዳለች» ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም ከታች አውራ ጣቴን አተምኩ።

ተማም ሰምቶ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«የሞተ ሰው ድንኳን አያይም። ያልታየ ነገር ምን ያደርግልኛል?»

ሳሙናና ውሃ አመጣ፣ ቁጭ አለና የጠቆረውን አውራ ጣቴን አጠበልኝ። ቀለሙ ለቆ እንኳን ማጠቡን አልተወም።

ያን ቅዳሜ ሦስት ኮምፒውተር ድንኳኑ ውስጥ ደረደረ፣ ከሱቁ በሽቦ መብራት ሳበ። ይመጣሉ ያላቸው መምህራንና የቢሮ ሰዎች አልመጡም፤ ዝናቡንም አዳራሹን የከለከለውንም ሰውዬ ፈርተዋል። እስከ አራት ሰዓት የነበርነው አሥር አንሞላም። ከዚያ ከላይ ሰፈር ዋይታ ተሰማ።

የዕድሩን ድንኳን ያዩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና ዳቦ ተሸክመው እያለቀሱ ይመጣሉ። ወንዶቹ ከኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ተማም ሲዲ በእጁ እንደያዘ ደጁ ላይ ደንግጦ ቆመ።

«ማነው የሞተው?» አሉት።

«ማንም አልሞተም። ግቡ፣ ዝናብ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «ካልሞተ ድንኳኑ ለምን ቆመ?» አሉ።

«ለኮምፒውተር ነው አባባ።»

«ኮምፒውተሩ ሞቶ ነው?»

ስታለቅስ የመጣችው ሁሉ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ንፍሮው ተሸክሞ አይመለስ፣ ዝናቡ አያስኬድ፤ ገቡ። ድንኳኑ ጢም አለ። ተማም ፊቱ በራ። ኮምፒውተሩን አበራ፣ ሲዲውን ከተተ፣ «እንግዲህ ይህ ፕሮግራም…» ሲል መብራት ጠፋ።

ዳመናው ባጨለመው ድንኳን ውስጥ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንድሜ ማሽን ካላዩለት ንግግር አያውቅም። የጋቢ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሰው ሊነሳ ነው። የኔ ድንኳን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምትሰጠኝ ድንኳን፣ ባዶ ልትቀር ነው። ተነሳሁ።

«ቁጭ በሉ» አልኩ። «ንፍሯችሁን ብሉ። መብራቱ እስኪመጣ እኔ እነግራችኋለሁ። እናንተ ሴቶች፣ የቆጮ እርሾ ሲያልቅባችሁ የት ትሄዳላችሁ?»

«ጎረቤት» አለች አንዷ።

«ጎረቤትሽ ስጪኝ ስትያት እንቢ ትልሻለች?»

«ምን ሆና? ነውር ነው።»

«ስትሰጥሽ የሷ ይጎድላል?»

«አይጎድልም። ከዚያው ይራባል።»

«አንቺ ደግሞ አያያዝ አውቀሽ የተሻለ ብታደርጊው?»

«በሚቀጥለው እሷ ከኔ ትወስዳለች።»

«አበቃ» አልኩ። «ተማም የያዘው እርሾ ነው። ሌሎቹ እርሾውን በማሰሮ ዘግተው፣ አፉን አሽገው፣ ከፍተሽ እንዳታዪ፣ ለጎረቤት እንዳትሰጪ ብለው የሚሸጡ ናቸው። እንዲህ ያለች ጎረቤት ብትኖረን ምን እንላታለን?»

ያሏትን እዚህ አልደግመውም። እኔ ራሴ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ፣ ከአፌ ሲወጣ ነው። መብራቱ ከሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመጣ ከድንኳኑ አንድም ሰው አልወጣም ነበር። ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ኮምፒውተር የሌላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ሲዲ ወሰዱ፤ «ልጄ ሲማር ይሆነዋል» እያሉ። ሚንሃጅ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከማን ኋላ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላ እንደነበር አላህ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ዕድሩ ድንኳኑን በየዓመቱ ለተማም ሳይጠየቅ ይሰጠው ጀመር። የኔ አሻራ ግን ከመዝገቡ አልተፋቀም፤ እኔም ይፋቅልኝ አላልኩም።

ሚንሃጅ ንግግሩን ሲጨርስ ከአንሶላው ማዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መወያየት ጀመሩ። ለቅሶ ቤት ሰው የሚያንሾካሹከው እንዲሰማለት ይመስል ነው።

«የቅዳሜውስ እንዴት ይሁን?» አለ አንዱ።

«ድንኳኑን ለቅዳሜ ያስያዘው ራሱ ተማም ነው» አለ ከፈለኝ። «አስያዡ ስለሌለ ቀርቷል። ነገ ከዱዓው በኋላ እንነቅለዋለን።»

«ልክ ነው» አለ ሚንሃጅ። «በለቅሶ ላይ ደስ አይልም። ለከርሞ አላህ ያውቃል።»

«እትዬ ሙባረካን አንጠይቃትም?» ያለው ገሠሠ ነው። በድምፁ አወቅሁት።

«እሳቸው ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ?» አለው ሚንሃጅ። «በሐዘናቸው ላይ አናስጨንቃቸው።»

ምላሴ ተነሳ፤ ያዝኩት። ለከርሞ የለም። የተማም ልጅ ጂማ ትማራለች፤ ሚስቱ ናፊሳ ሱቁን ከማከራየት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ዘንድሮ ከቀረች ያች ቀን ቀረች። እርሾ አንድ ጊዜ ከተረሳ ይሞታል፤ በማግሥቱ ብታስታውሺው አይነሳልሽም።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ናፊሳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከማክሰኞ ወዲህ አንድ ቃል ካወጣች ብዙ ነው።

«ቅዳሜን ሊያስቀሯት ነው» አልኳት።

«ትናንት ጠዋት የሚያድለውን ሲዲ እየቆጠረ ነበር» አለችኝ። «ከሱቁ ሆኖ ‹መቶ አርባ ደረስኩ፣ ሻይ አምጪልኝ› አለ። ሻዩን ይዤ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ደከመው ብዬ ብርጭቆውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ። እንዳይነቃ ብዬ።»

እጇን ከፍራሹ ሥር ከታ የሱቁን ቁልፍ አወጣችና መዳፌ ላይ አደረገችው።

ሱቁን ከፍቼ ገባሁ። ሻዩ ሳይነካ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ቆዳ አውጥቷል። ሲዲዎቹ በሁለት ተከፍለዋል፤ የተቆጠረው በክር ታስሯል፣ ያልተቆጠረው ተዘርግቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር ላይ አልሰንፍም፤ ጨርቅ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከመቶ አርባ አንድ ጀመርኩ። ሁለት መቶ ሦስት ላይ አለቀ። የኔንም በክር አሰርኩት። ብርጭቆውን አጥቤ አልመለስኩትም፤ እንዳለ ተውኩት።

ሐሙስ ከዱዓው በኋላ እንግዳው ተበተነ። አንሶላው ወረደ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ። ሲያካፋ የዋለው ዝናብ ጋብ ብሏል። ከፈለኝ እንደ ልማዱ ራሱ ጀመረ፤ በመዶሻው ጎኑን መታ መታ አድርጎ በሱቁ በኩል ያለውን የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለው። ድንኳኑ በዚያ ወገን ዘመም አለ።

ሄጄ ካስማውን ከእጁ ወሰድኩት። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ወደ ቀዳዳው መለስኩት። በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እትዬ ሙባረካ፣ ምን ሆንሽ? ተነሺ፣ ጭቃ ነው።»

«ያኔ ድንኳን ለሞተ ሰው ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ይኸው ሞተልህ። አሁን ምን ጎደለህ?»

መዶሻውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። «ደንቡ እኮ ሦስት ቀን ነው።»

«ሦስቱ የናፊሳ ናቸው። ከዛሬ እስከ ቅዳሜ ያለው የኔ ነው። ድንኳኔን ቀድሜ በልቻለሁ፤ ሌላ ምን እንደምትወስድብኝ መዝገብህን ገልጠህ ንገረኝ። የምገነዝበትን ከፈኔንም ቢሆን እፈርማለሁ።»

ሚንሃጅ መጣ። «እትዬ፣ ሰው ምን ይለናል? ሐዘን ቤት ኮምፒውተር ከፈቱ ይለናል።»

«ያኔም ሰው ኮምፒውተሩ ሞቶ ነው ወይ ብሎ ጠይቋል። ንፍሮውን በልቶ፣ ተምሮ ሄደ። አንተ ይልቅ የዚህን ሰው ዕቃ ተቀበለው፤ ሦስት ቀን ታቅፎ ጭኑ ደንዝዟል።» ገሠሠ ከኋላው ቆሟል፣ ከረጢቱን እንዳቀፈ። «የሱቁ ቁልፍ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው፤ እጄ ተይዟል፣ አንተው አውጣው። ሲዲው ሁለት መቶ ሦስት ነው፤ ተቆጥሯል። ቅዳሜ ስትናገር ደግሞ ብቻውን የምትለዋን ቃል ተዋት።»

ልጁ ቀላ። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከኪሴ አወጣ። ቀና ሲል እንደ ማክሰኞው ገሠሠ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ።

ከፈለኝ ድንኳኑን አየው፣ እኔን አየኝ። ገመዱን በዓይኑ ለካ። ከዚያ መዶሻውን ወደ ቀኝ እጁ መለሰ።

«እጅሽን አንሺ» አለኝ። ድምፁ ሰለለ። «ልመታሽ ነው።»

«አላነሳም። ከለቀቅኩት ይዘማል።»

አውራ ጣቴ በጭቃው ጠቁሯል። ያኔ ወንድሜ በሳሙና ያጠበው ጣት ነው። ከካስማው አላላቀቅሁትም።

«ምታው፣ ከፈለኝ» አልኩት።